«ኦሪጅናል ነው» ብለን የመሰከርንበት ቀን



ውድ አንባቢያን፣ በተለይም ውድ እህቶች! ዛሬ የምናወጋችሁ ነገር ሲጀመር የአንድ የፀጉር መተኮሻ ወሬ ይመስላል። እኛም መጀመሪያ ላይ ከዚያ ያለፈ አልመሰለንም ነበር። ኋላ ግን ጉዳዩ ከገንዘብም ከፀጉርም አልፎ የቃል ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ በእኛ የደረሰው በሌላዋ እህት እንዳይደርስ፣ እኛ ያደረግነውንም ሌላዋ እንዳታደርገው በማለት ሳንደብቅ ልንጽፈው ወሰንን።

እኛ ሁለት እህትማማቾችና የወንድማችን ባለቤት ነን። ሥራችን በቤት ውስጥ የሴቶችን ፀጉር መሥራት ነው። ሹሩባ እንሠራለን፣ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እንተኩሳለን። ደንበኞቻችን በአብዛኛው ወንድ በሚገባበትና በሚወጣበት ሳሎን ሒጃባቸውን ማውለቅ የሚከብዳቸው እህቶች ናቸው። ለባሎቻቸው መዋብ የሚፈልጉ እናቶች አሉ፤ ለዒድ የሚሠሩ ልጃገረዶች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ሙሽሮች አሉ። እነዚህ እህቶች ራሳቸውን ገልጠው እፊታችን ሲቀመጡ ምን ያህል አደራ እንደጣሉብን እናውቃለን፤ ወይም የምናውቅ ይመስለን ነበር።

ሥራውን የጀመርነው ካዛንቺስ፣ በታላቅ እህታችን ቤት ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉት ቤቶች ነው። የምንተኩስበት ዕቃ ስምም የጣሊያን ነው። በሰፈር አጠራር ፔስትራ የምንለው «ፒያስትራ» ከሚለው ቃል የመጣ ሲሆን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ማለት ነው። ስለዚህ እኛ በጣሊያን ስም በሚጠራ ሰፈር፣ በጣሊያን ስም በሚጠራ ዕቃ እንጀራችንን ስንበላ ኖረናል ማለት ይቻላል።

ካዛንቺስ ሳለን ዕቃ የምንገዛው ከአንድ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነበር። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው። ሰውየው ግን መተኮሻ ሲሸጥልን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ሞቆ መብራቱ እስኪጠፋና እንደገና እስኪበራ ጠብቆ ነበር የሚሰጠን። አንድ ቀን ስሙ የታወቀ፣ መልኩ የሚያምር ማድረቂያ መደርደሪያው ላይ አይተን ዋጋውን ጠየቅነው። «ይሄ ኮፒ ነው እህቶቼ። ነጋዴው ጥሎብኝ ሄዶ ነው፤ ልመልስለት ነው» አለን። ያን ቀን ሳይሸጥልን ቀረ። እኛ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ሱቅ አላየንም።

በ2017 ዓ.ም መግቢያ ላይ ካዛንቺስ ፈረሰ። ታላቅ እህታችን ወደ ገላን ጉራ ተዛወረች። ባለ ሱቁም ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ የት እንደገባ አላወቅንም። ሥራችንን ወደ ታናሽ እህታችን ቤት፣ ወደ ቂርቆስ አመጣነው፤ ታላቃችንም ከገላን ጉራ ትመላለስ ጀመር። ሰፈር ሲፈርስ ሰው የሚያጣው ቤቱንና ጎረቤቱን ብቻ ይመስለን ነበር። ዕቃ ስንገዛ ዋሳችን የነበረው የዚያ ሰው ፊት መሆኑን የተረዳነው ኋላ ነው።

«ወላሂ ኦሪጅናል ነው»

በዚያው ዓመት በመጋቢት፣ ረመዷን ሊያልቅ ሲል አሮጌው መተኮሻችን ተቃጠለ። ሸዋል የሰርግ ወር ነው፤ ቀን የሰጠናቸው ሙሽሮች ነበሩ። መርካቶ ወርደን እንዳንፈልግ ጾሙም ሥራውም አላፈናፈነንም። ታናሻችን ከምትከታተላቸው የቴሌግራም ቻናሎች በአንዱ ላይ የታወቀ የውጭ ድርጅት ስም የተጻፈበት መተኮሻ ወጣ። ፎቶው ያምራል። ቻናሉ ከሃምሳ ሺህ በላይ ተከታይ አለው። ዋጋው 6,500 ብር ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ግን ከ25,000 ብር በላይ ነበር የሚጠራው። «የዒድ ቅናሽ» ይላል።

ጻፍንለት። «ኦሪጅናል ነው ወይ?» አልነው። «ወላሂ ኦሪጅናል ነው እህቴ፣ ከዱባይ ነው የሚመጣልን» አለ። የማናውቀው ሰው «ወላሂ» ሲለን ልባችን ረጋ። ሱቁ የት እንደሆነ ስንጠይቀው «በስልክ ብቻ ነው የምንሸጠው፤ ማድረሻው በነጻ ነው» ብሎ መለሰ። ገንዘቡን አስቀድመን በቴሌብር ላክን። ከዕቁብ የደረሰን ገንዘብ ነበር። በማግስቱ ሞተረኛ መጥቶ ካርቶኑን በር ላይ አስረከበን፤ እኛ ሳንከፍተው እርሱ ሄደ።

ካርቶኑ ሲያዩት ያስደስታል። ጥቁርና ወርቃማ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ አለው። ዕቃውም እጅ ላይ ከበድ ይላል። «ከባድ ነው፤ ይሄማ ኦሪጅናል ነው» ተባባልን። መሰኪያው ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሆኖ ከግድግዳችን ሶኬት አልገጥም አለ። ሻጩ ማገናኛ አብሮ ስለላከ ግን ደግነቱን አመሰገንን እንጂ አልጠረጠርንም።

በዒድ ማግስት ሰሞን ከጎረቤቶቻችን የአንዷ ልጅ ኒካሕ ነበር። ሙሽራዋ በዋዜማው ስትመጣ እናቷ አብረዋት መጡ። «መተኮሻው አዲስ ነው እንዴ? ፀጉሯን አደራ» አሉን። «አይዞዎት፣ ኦሪጅናል ነው» አልናቸው። ሦስታችንም አልናቸው።

የግራውን ጎን ጨርሰን ወደ ቀኝ ስንዞር ሽታው ተለወጠ። የፀጉር ሽታ አልነበረም፤ የፕላስቲክ ነበር። ከጆሮዋ በላይ ያለውን ዘለላ የያዘው መተኮሻ ሲነሣ ፀጉሩ አብሮት ተነሣ። ወዲያው ገመዱ ከእጀታው ሥር ተንጣጣ፣ ቆጣሪው ጋ ያለው ማጥፊያ ወረደ፣ ቤቱ ጨለመ። መብራት እስክንመልስ ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። የጆሮዋ ጫፍ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ውኃ ቋጥሯል። በመተኮሻው ሰሌዳዎች መካከል አንድ ጣት የሚያህል ፀጉር ተጣብቆ ቀርቷል።

እናቷ አልጮሁብንም። ፀጉሩን ከሰሌዳው ላይ በጥንቃቄ አላቀው በመሐረብ ጠቀለሉት። ከዚያ፣ «ልጆቼ፣ ፀጉሩስ ይበቅላል። ግን እኮ ኦሪጅናል ነው ብላችሁኝ ነበር» አሉን።

በዚያች ሌሊት 6,500 ብሩ ትዝም አላለን።

ለሻጩ ጻፍን፤ ፎቶ ላክን። መልእክቱን አይቶ ዝም አለ። ሲነጋ ከቻናሉ አስወጥቶን አገኘን፤ ስልኩም አይነሣም። ደረሰኝ የለን፣ አድራሻ የለን፣ የሱቅ ስም የለን። ነገሩ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።

እጀታው ውስጥ የተገኘው ብረት

የሰፈራችን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕቃውን ፈትቶ አሳየን። ገመዱ ከውጭ ወፍራም ነው፤ ልጦ ሲያሳየን ግን ውስጡ ያሉት ጥቂት የቀጠኑ ክሮች ብቻ ናቸው። ማግኔት ሲያስጠጋባቸው ተሳቡ። መዳብ በማግኔት አይሳብም፤ ስለዚህ መዳብ መስሎ የተቀባ ብረት ነበር። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኃይሉን የሚቆርጠው መከላከያ ጨርሶ አልተገጠመበትም። በእጀታው ውስጥ ደግሞ ከምንም ነገር ጋር ያልተያያዘ አንድ ቁራጭ ብረት በሙጫ ተጣብቆ ተገኘ። «ይሄ ምን ይሠራል?» አልነው። «ለክብደት ነዋ!» አለን።

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራራት ያሻል። የመተኮሻ ዋጋ ያለው በመልኩ ሳይሆን ሙቀቱን በሚቆጣጠረው ክፍል ነው። ፀጉራችን የተሠራበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ ይፈርሳል። ለምሳሌ ጂ ኤች ዲ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለመተኮሻዎቹ የመረጠው ሙቀት 185 ዲግሪ ነው። አስመሳይ ዕቃም 185 ብሎ መጻፍ አያቅተውም። ቁጥሩን መጻፍ ቀላል ነው፤ ሰሌዳውን በዚያ ቁጥር ላይ ማርጋት ግን ገንዘብና ዕውቀት ይጠይቃል፤ አስመሳዩ የሚቆጥበውም ይህንኑ ነው። ማድረቂያ ሲሆን ደግሞ ገመዱ ዋና ነገር ነው። 2,000 ዋት የሚል ማድረቂያ በአገራችን በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ያህል ኃይል በማይችል ሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ራሱ ምድጃ ይሆናል። ስለዚህ የተጭበረበረ ሽቶ ቢገዛ ኪሳራው የገንዘብ ነው ቢባል እንኳ፣ የተጭበረበረ መተኮሻ ግን ቤት ያቃጥላል።

ሠራተኛው እየጨረሰ፣ «ገመዱ ቢቀየር ይሠራላችኋል» አለን። እርሱ ከሄደ በኋላ ከመካከላችን አንዷ፣ የትኛዋ እንደሆነች አንናገርም፣ «ገመዱን አስቀይረን ካርቶኑ ውስጥ ብንመልሰው በ4,000 ብር የሚገዛን አናጣም» አለች። የቀረነው አልተቆጣናትም። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም አስበነው ነበር። እኛም ተታለን አይደል የገዛነው? ኪሳራው ለምን እኛ ላይ ይቅር?

ያቆመን ልጆች ሳለን መድረሳ የተማርነው ታሪክ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙታል። ባለ እህሉ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ ሲነግራቸው፣ ሰው አይቶት እንዲገዛ እርጥቡን ወደ ላይ ባለማውጣቱ ወቀሱት። ዝናቡን ያመጣው ሰውየው አይደለም። እርጥቡን ከሥር የተወው ግን እርሱ ነው። የእኛም ነገር እንዲሁ ነበር። ብረቱን እጀታው ውስጥ ያጣበቅነው እኛ አይደለንም፤ ካርቶኑን ዘግተን ለሌላ ብናሳልፈው ግን ሸሻጊዎቹ እኛ ነን። ቁርኣን ሚዛን በሚያጎድሉ ሰዎች ስም የተጠራ ሙሉ ሱራ፣ አል-ሙጠፊፊን፣ እንዳለው እናውቃለን። እዚህ ደግሞ ሚዛኑ ተጎድሎ ሳይሆን በብረት ተሞልቶ መጣብን!

ይህን ያነሣነው ሻጩን ለመውቀስ ነበር፤ ወቀሳው ግን ወደ ራሳችን ዞረ። እርሱ ለእኛ «ኦሪጅናል ነው» አለ። እኛም ለሙሽራዋ እናት «ኦሪጅናል ነው» አልን። እርሱ ምናልባት እያወቀ ዋሽቷል። እኛ አልዋሸንም፤ ነገር ግን ያላረጋገጥነውን መስክረናል። ለልጅቷ ጆሮ ግን በሁለታችን ቃል መካከል ልዩነት አልነበረውም።

መተኮሻውን ገመዱን ቆርጠን፣ ሰሌዳዎቹን ሰባብረን ጣልነው። ለሙሽራዋ ያስከፈልነውን ገንዘብ ከካሳ ጋር ይዘን ሄድን። እናቷ የሥራውን ዋጋ ተቀብለው ካሳውን መለሱልን። በሰርጉ ዕለት፣ በሴቶቹ ክፍል፣ ሙሽራዋ የግራውን ፀጉሯን ወደ ቀኝ አምጥታ የጎደለውን ሸፍናው አየናት። ስቃ ሰላም አለችን። እኛ ግን ቀና ብለን ማየት አልቻልንም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብን?

እህቶች ሆይ! ከወደቁ ወዲያ መንፈራገጥ ለመላላጥ እንደሚባለው ከገዙ በኋላ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም። ጥንቃቄው ከክፍያ በፊት ነው።

አንደኛ፣ ከዕቃው በፊት ሻጩን ማየት ይገባል። ሱቁ የት ነው? የንግድ ፈቃድ አለው? ደረሰኝ ይሰጣል? የተከታይ ብዛት ማስረጃ አይደለም፤ በገንዘብ ይገዛል። የቻናል ስምም በአንድ ሌሊት ይለወጣል። አስተያየት መስጫውን የዘጋ ሻጭ ካለ ለምን እንደዘጋው መጠየቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። ነገር ግን በስልክ የሚታየው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከአምራቹ የተወሰደ እንጂ የሚሸጠው ዕቃ አይደለም። ስለዚህ የዚያኑ ዕቃ ቪዲዮ መጠየቅ ይገባል። ሻጩ የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ጀርባው ላይ ያለውን ቮልትና ዋት፣ መሰኪያውንና መለያ ቁጥሩን ያሳይ። እውነተኛ ሻጭ ይህ አይከብደውም። የድርጅቱን ስምም ፊደል በፊደል ማንበብ ነው፤ አንድ ፊደል ጨምሮ ወይም ቀንሶ የሚያታልል ብዙ ነው። መለያ ቁጥሩን ከአምራቹ ማጣራት ይጠቅማል፤ ሆኖም የአንድ እውነተኛ ዕቃ ቁጥር በብዙ አስመሳዮች ላይ ሊታተም ስለሚችል ይህ ብቻውን አይበቃም።

ሦስተኛ፣ መሰኪያው ይናገራል። «ከዱባይ ነው» የተባልነው ዕቃ ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ ነበረው። የዱባይ ሶኬት ግን እንደ እንግሊዝ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ነው፤ የእኛው ደግሞ ሁለት ክብ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ጥርስ የአሜሪካ ነው፤ እዚያ ኃይሉ 120 ቮልት ነው። ለ120 የተሠራ ማድረቂያ ያለ መቀነሻ በ220 ቢሰካ ከሚገባው ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክልን እውነተኛ ዕቃ እንኳ በዚህ ሊቃጠል ይችላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል።

አራተኛ፣ ዋጋው ሩብ ከሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። ዳይሰን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2016 ማድረቂያ፣ በ2018 ደግሞ ፀጉርን በነፋስ የሚጠቀልል መሥሪያ ካወጣ ወዲህ አስመሳዮቹ በየአገሩ ተበትነዋል። ውድ ስም ባለበት አስመሳይ አይጠፋምና። ይህ ሲባል ርካሽ ሁሉ ነውር ነው ማለታችን አይደለም። ስም የሌለው፣ ዋጋው የሚቀመስ፣ ግን በራሱ ስም የሚሸጥና ተፈትኖ የሚሠራ ዕቃ ሐቀኛ ዕቃ ነው። ችግሩ ርካሽነቱ ላይ ሳይሆን የሌላውን ስም መልበሱ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ከሙከራ በፊት ሙሉ ክፍያ አይላክ። ገንዘብ በስልክ ከተላከ በኋላ ለማስመለስ የሻጩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የእኛው ሻጭ ደግሞ ስልክ እንኳ አላነሣም። ሞተረኛው በር ላይ ቆሞ ዕቃው ይሰካ። አሥር ደቂቃ ይሙቅ። ገመዱ በእጅ ሲዳሰስ ይግላል? የፕላስቲክ ሽታ አለው? መብራቱ ሙቀቱ ሲደርስ ይጠፋል ወይስ እንደበራ ይቀራል? ይህን የማይጠብቅ አምጪ ከሆነ ዕቃውን ይዞ ይመለስ። እንደኛ በክብደቱ አትታለሉ!

በመጨረሻም ደረሰኝ። በ2006 ዓ.ም የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚሸጥ ሰው ማንነቱንና አድራሻውን እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የንግድ ምልክትን ለመጠበቅም ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ። ሕግ አልጠፋም። እኛ ግን «ማን ሸጠላችሁ?» ብንባል የምንጠራው ስም አልነበረንም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የካዛንቺሱን ባለ ሱቅ አገኘነው። ከድሮ ጎረቤቶቻችን አንዷ ስልኩን ሰጥታን ነው። አሁን ያለበት ሰፈር ከቂርቆስ ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ሄድን። ስሙ ብዙ የማይታወቅ መተኮሻ በ9,000 ብር ሸጠልን። እንደ ልማዱ ሰክቶ፣ መብራቱ እስኪጠፋና እስኪበራ ጠብቆ፣ ደረሰኝ ጽፎ ሰጠን። «የታወቀ ስም አይደለም፤ ግን የጻፈውን ሙቀት ይጠብቃል። ከተበላሸ እኔ ጋ አምጡት» አለን።

ዛሬ ደንበኛ ስትመጣና «ኦሪጅናል ነው?» ብላ ስትጠይቀን እንደ በፊቱ አንቸኩልም። «ትልቅ ስም የለውም። ሞክረነዋል፤ ገመዱን አይተነዋል፤ የሸጠልንንም ሰው እናውቀዋለን» እንላታለን። አንዳንዷ ፈገግ ብላ ትቀመጣለች። ሌላዋ የታወቀ ስም ፍለጋ ትሄዳለች፤ አንከለክላትም። የሙሽራዋ እናት ግን ለዒድ አል-አድሓ ታናሿን ልጅ ይዘው መጡ። ምንም ሳይጠይቁ አስቀመጧት። መተኮሻውን ለማንሣት ያን ቀን ብዙ ጊዜ ወሰደብን።

አላህ (ሱ.ወ.) ከሚያታልሉን ይጠብቀን፤ ሳናውቅ ከምናታልለውም ይጠብቀን። በገበያችንና በንግግራችን በረካ ያድርግልን። አሚን።